የጠጣሁት ገጽ

ሰሞኑን በአንድ ጎረቤት ደጃፍ ሳልፍ ልጁ ሎሁን ሲያጥብ ደረስኩ። ሎህ የአላህን ቃል የሚማሩ ልጆች የሚጽፉበት ለስላሳ ጣውላ ነው፤ የጻፉትን በቃላቸው ከያዙ በኋላ አጥበው ሌላ ይጽፉበታል። ልጁ ከቅል ውኃ እያፈሰሰ በመዳፉ ያሻል፤ እናቱ ደግሞ ጥቁሩ ውኃ መሬት እንዳይነካ ከሥር ገበቴ ደቅናለች። የጥላሸት፣ የግራር ሙጫና የረጠበ እንጨት ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው እግሬ አልሄድ አለኝ።

"እማማ፣ አመመዎት እንዴ?" አለችኝ ሴትዮዋ።

ምን ልበላት? ታምሜ የዳንኩበት ነገር ሸቶኝ ነው ብላት አሮጊቷ ጃጀች ትላለች። "ፀሐዩ ነው" ብያት አለፍኩ። ሰው ሲያረጅ ብዙ ነገር በፀሐይ ያሳብባል።

ያ ሽታ የሚወስደኝ ወደ አንድ ረመዳን ነው። የፊት ጥርሶቼ ወልቀው ገና አልበቀሉም ነበር። አሶሳ ያን ጊዜ ዛሬ የምታዩዋት አሶሳ አይደለችም፤ በኮረብታ ጥግ የተበተኑ የቀርከሃ ቤቶች፣ የማሽላ ማሳ፣ ወደ ሱዳን የሚወርድ የነጋዴ መንገድ፣ ከደጋ የመጡ ወታደሮች በቅርቡ የሠሩት ሰፈር፣ ይኸው ነው። ይህን የምጽፍበትን አማርኛ የለመድኩት ኋላ ነው። በቤታችን የሚነገረው የበርታ ቋንቋ ነበር፤ ለጸሎትና ለገበያ ዐረብኛ ጣል ይደረግበታል። ስለዚህ የዚያን ጊዜ ሰዎች እዚህ በአማርኛ ሲያወሩ ብታገኟቸው ያስተረጎምኩላቸው እኔ ነኝ። ማስተርጎም ደግሞ ዱሮም ሥራዬ ነበር።

የማን አስተርጓሚ ትሉኝ እንደሆነ፣ የእናቴና የአያቴ። ሁለቱም አንድ ቋንቋ ይናገራሉ፣ አንድ ቤት ይኖራሉ፣ በመካከላቸው ያለው አንድ የቀርከሃ ግርዶሽ ብቻ ነው። ነገር ግን በእኛ ቤት ምራት ከባሏ አባት ጋር ፊት ለፊት አትነጋገርም፤ ነውር ነው። ስለዚህ እናቴ ሐዋ ከግርዶሹ ወዲያ ሆና "ዘይነብ፣ ለጂዲ ገንፎው ደርሷል በያቸው" ትላለች። ጂዲ ማለት አያቴ ማለት ነው፤ እኔ ብቻ ሳልሆን የመንደሩ ልጅ ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚጠራቸው። እሳቸው ከግርዶሹ ወዲህ ተቀምጠው ሁሉንም ሰምተዋል። እኔ ግን ዞር ብዬ "ጂዲ፣ ገንፎው ደርሷል" እላለሁ። "እንዴ፣ ደረሰ? ለእናትሽ አላህ ይስጥሽ በያት" ይላሉ፣ ገና አሁን እንደሰማ ሰው። እኔም ዞሬ ያንኑ እደግማለሁ። እኔ በሌለሁበት ሁለቱ ምን እንደሚሆኑ እያሰብኩ ብቻዬን እስቅ ነበር። ምንም አይሆኑም፤ ዝም ነበር የሚሉት።

አባቴ የለም። ወርቅና ቡና ጭኖ ከነጋዴዎች ጋር ወደ ምዕራብ የወረደው እኔ በዳዴ ስሄድ ነው። በዚያ አገር ጦርነት ነበር አሉ፣ መንገድ ተዘጋ አሉ፣ በሽታ ገባ አሉ። አየሁት የሚል አልመጣም፤ ሞተ የሚልም አልመጣም። የነጋዴ አህዮች ቃጭል ሌሊት በተሰማ ቁጥር እናቴ ተነስታ ደጃፍ ትቆማለች። ቃጭሉ አልፎ ሲሄድ ተመልሳ ትጋደማለች እንጂ አትተኛም። እናቶች ሁሉ የሚያድሩት እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ስለ እሱ ግን አይወራም። ከግርዶሹ ወዲያና ወዲህ የማመላልሰው ወሬ ስለ ገንፎ፣ ስለ እንጨት፣ ስለ ፍየል ነው። የአባቴ ስም በእኔ በኩል አልፎ አያውቅም።

ለረመዳን ዋዜማ ሐጅ በሺር የሚባል ነጋዴ ከሱዳን መጣ። ከአህዮቹ በአንዷ ላይ በቆዳ የተለበጠ ሳጥን ነበር።

"ያ ፈኪ" አላቸው ጂዲን፤ ያ የዐረብኛ መጥሪያ ነው፣ ፈኪ ደግሞ ልጆችን ፊደልና ሃይማኖት የሚያስተምር ሰው። "ቡና ልሸምት ወደ ባምባሲ በኩል ልወጣ ነው። ይህ ሳጥን የዓባይ ማዶ ሰው አደራ ነው፤ መጻሕፍት ናቸው። ለዒድ ተመልሼ ወስጄ አደርሳቸዋለሁ። እስከዚያ ከምስጥ ይጠብቁልኝ።"

"ባነባቸውስ?" አሉ ጂዲ። ድምፃቸው እንደ ልጅ ድምፅ ቀጠነ።

"ማር አይደሉም፤ በተቀመሱ ቁጥር አይጎድሉም። ያንብቡ።"

የኛ አገር ምስጥ ቤት ይበላል፣ አልጋ ይበላል፣ የተኛ ሰው ካገኘም የሚምር አይመስለኝም። ጂዲ ሦስት ጉልቻ ተክለው ዙሪያውን አመድ ነሰነሱና ሳጥኑን ከላይ አስቀመጡ። እኔ በጉልቻ ላይ የተጣደ ነገር ሁሉ የሚበስል ስለሚመስለኝ መጻሕፍቱ እስኪበስሉ ድረስ አንድ ቀን ሙሉ በትዕግሥት ጠብቄያለሁ።

የጂዲ ዓይን ላይ ወተት የመሰለ ነገር ወጥቶ ነበር። ሕፃን ሳሉ የጠጡት ወተት አሁን ወደ ላይ ወጥቶ ይመስለኝ ነበርና ውኃ አብዝተው ቢጠጡ እንደሚያጠራላቸው እመክራቸው ነበር። "ያ ዘይነብ" አሉኝ በዚያ ቀን፣ ሳጥኑን በእጃቸው እየዳበሱ፣ "ዓይኔና ወሩ እኩል የሚያልቁ ይመስለኛል። ማን ማንን እንደሚቀድም እናያለን።" እየሣቁ ነበር የተናገሩት። እኔም ሣቅሁ፤ እሽቅድምድም መስሎኝ።

የረመዳን ከሰዓት በኋላ እንዴት ዝም ይላል! ማሽላው ታጭዷል፤ ሰው ሁሉ በየጥላው አረፍ ብሎ ፀሐይዋን በዓይኑ ይገፋታል። ከቆላው የሣር ቃጠሎ ጭስ እየተግተለተለ ይመጣና ሁሉን ነገር ያደበዝዛል። ጂዲ በበሩ ብርሃን ተቀምጠው መጽሐፉን አፍንጫቸው ድረስ ያስጠጋሉ። የጾመው ሆዳቸው ሲጮኽ እሰማለሁ። ከግርዶሹ ወዲያ የእናቴ ወፍጮ ቀስ እያለ ይፈጫል።

መጀመሪያ የወጣው የሕግ መጽሐፍ ነበር። ወፍራምና ጨለምተኛ። የአንዱ ፍየል የሌላውን ማሳ ቢበላ፣ የጉድጓድ ውኃ ውስጥ አይጥ ብትሞት፣ ባልና ሚስት በአንድ ሰፌድ ቢጣሉ፣ ይህን ሁሉ ያውቃል። ጂዲ ሲያነቡ ቆዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። "ይህን የጻፈ ሰው ጎረቤቶቹ አስቸግረውታል" አሉ። ከዚያ በኋላ ያንን መጽሐፍ ባየሁ ቁጥር ደራሲው በአጥሩ ላይ ቆሞ ሲጮኽ ይታየኝ ነበር፤ አዘንኩለት።

ቀጥሎ የከዋክብት መጽሐፍ መጣ። በክብ በክብ የተሣሉ ሥዕሎች ነበሩበት፤ በየክቡ ውስጥ ነጥብ ነጥብ። ጂዲ ስማቸውን እየጠሩ ያስደግሙኛል። ሲመሽ ግን ወደ ሰማይ ባይ ጭሱ ሸፍኖታል፤ አንድም ኮከብ የለም። ታዲያ ወዴት ሄዱ? ሳጥኑ ውስጥ ነው እንጂ! ሐጅ በሺር የሰማዩን ከዋክብት ለቅሞ በሳጥን ይዞ እንደሚዞር ገባኝ፤ ጂዲ ለምን በአመድ እንደሚጠብቁትም ገባኝ። ያን ሰሞን ስተኛ ጆሮዬን ወደ ሳጥኑ አደርግ ነበር። እንደ ማሽላ ፍሬ ሲንኳኩ የሰማሁ ሁሉ መስሎኛል፤ ምናልባት ምስጥ ይሆናል።

የሕልም ፍቺው መጽሐፍ የወጣ ጊዜ መንደሩ ሰማ። ሴቶች ውኃ ቀድተው ሲመለሱ እንስራቸውን በደጃችን እያሳረፉ ሕልማቸውን ያወርዳሉ፤ ጥርስ ወለቀብኝ፣ እባብ አቀፈኝ፣ ወርቅ ሳጥብ ዓሣ አገኘሁ። ጂዲ ገጽ እየገለጡ ለሁሉም መልስ ይሰጣሉ። ሴቶቹ ሲሄዱ የእናቴ ወፍጮ ቆመ።

"ዘይነብ" አለች። "ለጂዲ ጠይቂያቸው፤ ነጭ አህያ ያለ ጭነት ወደ ቤት ሲመጣ ምንድን ነው?"

ጠየቅኋቸው። ጂዲ መጽሐፉን ይዘው ብዙ ቆዩ። "ለእናትሽ ንገሪያት" አሉ በመጨረሻ፤ "መጽሐፉ ስለ ነጭ አህያ አልጻፈም።" እኔ ግን አይቻቸዋለሁ፤ አንድም ገጽ አልገለጡም። ጾሙ አድክሟቸው ሰነፉ ብዬ ታዘብኳቸው። ወፍጮው እንደገና ጀመረ፤ ያን ቀን ዱቄቱ ከልክ በላይ ደቀቀ።

ከሁሉ የሚያስቀው አንድ ቆዳ የለበሰ ትንሽ መጽሐፍ ነው፤ ሐጅ በሺር መንገድ ላይ ያገኘው ነበር። ፊደሎቹ አይያያዙም፤ እያንዳንዱ ለብቻው በሁለት እግሩ ወይም በአንድ እግሩ ይቆማል። ጂዲ ቢገለብጡት ቢያገላብጡት አልሆነላቸውም። አንድ ከሰፈሩ የመጣ ወታደር ለፈረሱ ገለባ ሊለምን ሲገባ ከገበያ የለቃቀሟትን አማርኛ አወጡ።

"አንተ ጌታዬ፣ ይህ መጽሐፍ ምን ትላለች?"

ወታደሩ መጽሐፉን ባየ ጊዜ ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ አስደገፈ። በሁለት እጁ ተቀበለ፣ ግንባሩን አስነካ፣ ሳመው፣ እንደገና ሳመው። ማር የነካው መስሎኝ ተጠጋሁ። "የጸሎት መጽሐፍ ነው አባቴ" አለ። "እኔ ማንበብ አልችልም። አባቴ ግን እንዲህ ያለ ነበረው፤ ሽታው ራሱ ነው።" ገለባውን ረስቶት ሊሄድ ነበር፤ ጂዲ ጠርተው አሸከሙት።

ሰውዬው ከሄደ በኋላ ጂዲ የተባባሉትን ነገሩን። "እኔ ይህን ሁሉ አንብቤ አንዱንም እንደሱ አልሳምኩም" አሉ። እናቴ ከወዲያ ሆና ሁሉን እንደሰማች አውቃለሁ፤ ወፍጮው ቆሞ ነበርና።

ወሩ ሲጋመስ የጂዲ ዓይን ቀደመ። አንድ ቀን መጽሐፉን ወደ ብርሃኑ ይዘው፣ ወደ ቀኝ አዙረው፣ ወደ ግራ አዙረው፣ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። "በይ ዘይነብ፣ ቅረቢ" አሉኝ። ፊደል ራሳቸው አስተምረውኛል፤ ከኔ ጋር የሚማሩ ወንዶች ልጆች ሲሰንፉ በኔ ነበር የሚያሳፍሯቸው። ነገር ግን የማውቀው ፊደሉን መጥራት ብቻ ነው፤ ዐረብኛው ምን እንደሚል አይገባኝም። ስለዚህ እኔ እጠራለሁ፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፣ ከዚያ በኛ ቋንቋ ያወሩታል። እኔ የማየውን አልረዳም፣ እሳቸው የሚረዱትን አያዩም። በሁለታችን መካከል ግን መጽሐፍ ይነበብ ነበር።

ለመጨረሻ ያቆዩት አንድ ትንሽ መጽሐፍ ነበራቸው፤ በአረንጓዴ ሐር ተጠቅልሎ የመጣ፣ ሌሎቹን ሲያነቡ እንኳ በጎን ብቅ እያሉ የሚዳብሱት። ሌላው ትምህርት ነው፤ ይህ ተረት ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው። በባሕር ዳር የሚኖር አንድ ሽማግሌ ልጁ በጀልባ ሄዶበታል። ጀልባዋ ስትመለስ ድንጋይ እንዳትመታ በየማታው በኮረብታው ላይ እሳት ያነዳል።

"ባሕር ምንድን ነው?" አልኩ።

"ዓባይ በክረምት ሲሞላ አይተሻል? ማዶው የጠፋ ዓባይ ነው።"

ማዶውን የዋጠ ወንዝ! ብዙ ቀን አስፈራኝ።

ከቀን ወደ ቀን የሽማግሌው እንጨት አለቀ። ዘይቱ አለቀ። አጥሩን አነደደ። ጀልባዋ አትመጣም። ጂዲ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ብቻ ያስነብቡኛል፤ የቆምንበት ላይ የማሽላ አገዳ ሰንጥቀው ምልክት ያደርጋሉ። የእናቴ ወፍጮ በዚያ ሰዓት ጨርሶ መፍጨት ተወ። እንዲያውም ጣልቃ መግባት አመጣች።

"ለጂዲ በያቸው፤ ያ ሽማግሌ ጎረቤት የለውም? እንጨት የሚያበድረው ሰው ጠፋ?"

"ለእናትሽ ንገሪያት፤ ጎረቤቶቹ ልጁ ሞቷል ብለው ተስፋ ቆርጠዋል።"

"ማን ነገራቸው በያቸው! ሬሳ አይተዋል?"

ይህን በቁጣ ነበር የተናገረችው። ወደ ጂዲ ዞሬ እንዳለ በቁጣ ደገምኩላቸው፤ አስተርጓሚ እንዲህ ነው። ጂዲ አልተቆጡም። አንገታቸውን ደፉ። "አላዩም በያት" አሉ። "ሬሳ አላዩም።"

በሚቀጥለው ቀን ሽማግሌው አልጋውን አነደደ። ከዚያ በሩን። ከዚያ የቀረችው ምርኩዙ ብቻ ነበረች፤ ምርኩዙንም ሰብሮ ጨመራት። እሳቱ ወደ አመድ ሲወርድ ከባሕሩ በኩል ምንም አይሰማም። የመጽሐፉ ቅጠል አንድ ብቻ ቀረ። "ቀጥዪ" ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ ጂዲ አገዳውን አደረጉና መጽሐፉን ዘጉት።

"ነገ" አሉ። ማወቅ እንደፈለጉ፣ ማወቅ እንደፈሩም ዛሬ ይገባኛል። ያኔ ግን ተናደድኩባቸው።

ነገ አልመጣም። በዚያው ማታ ንዳድ ያዘኝ። ንዳድን የኛ አገር ሰው ያውቃል፤ መጀመሪያ ያንዘፈዝፍሻል፣ ቀጥሎ ያቃጥልሻል፣ ከዚያ አላውቅሽም ብሎ ይተውሻል፣ ነገ ደግሞ ይመለሳል። እኔን ግን አልተወኝም። ጂዲ ሎህ አምጥተው የአላህን ቃል ጻፉበት። እናቴ አጥባ ውኃውን አጠጣችኝ። ይህ በኛ ዘንድ የታወቀ መድኃኒት ነው፤ ቃሉ ከእንጨቱ ወደ ውኃ፣ ከውኃው ወደ ልብ ይገባል። አልለቀቀኝም። እንደገና ጻፉ፣ እንደገና ጠጣሁ። አሁንም እምቢ አለ።

እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ዓይን ግን አላት። ሎሁን ከማጠቧ በፊት አየችው። የጂዲ ጽሕፈት ዱሮ እንደ ማሳ ትልም ቀጥ ያለ ነበር። አሁን መስመሩ ወደ ታች ይንሸራተታል፣ ፊደሎቹ እርስ በርስ ይደራረባሉ፣ አንዳንዱ ከሎሁ ጠርዝ ወጥቶ ጠፍቷል። ውኃው ያልሠራው ለዚህ ነው አለች በልቧ። ቃሉ ተጣሞ ወደ ልጄ እየገባ ነው። ይህን ግን ለማን ትናገራለች? በእኔ በኩል ልካ "እጅዎ ተበላሽቷል" ትበላቸው? እኔም ራሴን አላውቅም።

ጂዲ ለማታው ሶላት ወጡ። እናቴ ሳጥኑን ከፈተች። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይላል አማራ። የትኛውን እንደምትመርጥ አልተቸገረችም፤ በሐር የተጠቀለለውን፣ በሳጥኑ አጠገብ ባለፈች ቁጥር ጂዲ ሲዳብሱት የምታየውን። ያ ሁሉ ፍቅር ቅዱስ ላልሆነ ነገር ይሆናል ብላ እንዴት ታስብ? ተረቱን ከጂዲ አፍ እንጂ ከየትኛው መጽሐፍ እንደሚወጣ ከግርዶሹ ወዲያ አይታ አታውቅም። መጽሐፉ አገዳው ባለበት ራሱ ተከፈተላት። ጽሕፈቱ ቀጥ ያለ ነበር። "ቢስሚላህ" ብላ ቅጠሉን በቅል አፍ ላይ አዘንብላ ውኃ አፈሰሰችበት።

ጣዕሙን አስታውሳለሁ። ይመርራል፣ ምላስ ላይ ይጣበቃል፣ መጨረሻው ላይ የሙጫ ጣፋጭ አለው። እናቴ አንገቴን ደግፋ እስከ አተላው አጠጣችኝ። ከዚያ የማየው ውኃ ብቻ ነበር፤ ማዶ የሌለው፣ ጸጥ ያለ፣ እኔ በላዩ የተጋደምኩበት። አልፈራሁም። ሰማዩ ላይ ጭስ የለም፤ ከዋክብቱ ሁሉ ተመልሰዋል። ከዚያ እነሱም እየደበዘዙ ሄዱና ብርሃን ሆነ።

ጠዋት በላብ ተነክሬ ነቃሁ። ራበኝ አልኩ። እናቴ አለቀሰች፣ ገንፎ አበላችኝ፣ እንደገና አለቀሰች። ንዳድ የራሱ ቀን እንዳለው፣ ሲሻው እንደሚለቅ አውቃለሁ። ግን ይህን ለእናቴ የሚነግራት ሰው ቢመጣ ዛሬም እጣላዋለሁ።

ስጠነክር ጂዲ ጠሩኝ። ታጥበው፣ ንጹሕ ለብሰው ነበር። "በይ፣ ሽማግሌው ይጠብቀናል" አሉ። ሐሩን ፈታሁ፤ አገዳው ያለበትን ገለጥኩ። ቅጠሉ ተጨማዷል። በላዩ ላይ ግራጫ ደመና ብቻ አለ።

"ጂዲ፣ ፊደል የለም።"

"ሌላ ገጽ ገልጠሽ ነው።"

"ይኸው ነው። ፊደሉ ሄዷል።"

በጣታቸው ዳበሱት። ከግርዶሹ ወዲያ የወፍጮው መጅ ከእጅ ወድቆ ተንከባለለ።

"ዘይነብ" አለች እናቴ። ድምፅዋን አላውቀው አልኩ። "ለጂዲ ንገሪያቸው። አጥቤ ያጠጣሁሽ እኔ ነኝ። ጽሕፈቱ... ቀጥ ያለ ስለሆነ ነው።"

ደገምኩላቸው። ጂዲ ቀኝ እጃቸውን አነሱና በግራው ያዙት፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ይዳስሱት ጀመር። ፊታቸው ላይ ያየሁት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም። ሥራው ካለፈበት በኋላ መሥራቱን ያልተወ ሰው፣ ያለፈበት መሆኑን ሲሰማ የሚመጣ ነገር ነው። አሟቸዋል። "ልክ ነሽ በያት" አሉ። "ከመጽሐፉ ልጅቷ ትሻላለች በያት።"

ከዚያ ወደኔ ዞሩ። "እንግዲህ መጨረሻው አንቺ ጋ ነው ያለው። ጠጥተሽዋል። በይ አውጪው።"

የቀለዱ አልመሰለኝም፤ ዛሬም አይመስለኝም። ቃል ከውኃ ወደ ልብ እንደሚገባ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ዓይኔን ጨፈንኩና ፈለግኩት።

"የሚነድ ነገር አልቋል" አልኩ።

"አዎ፣ እዚያ ነው የደረስነው።"

"ሽማግሌው ደክሞት ተኛ።"

ከግርዶሹ ወዲያ እናቴ ትንፋሿን ስትስብ ሰማሁ። "ጀልባዋስ?" አሉ ጂዲ።

"ጀልባዋ በቀን መጣች።"

"በቀን?"

"አዎ። ፀሐይ ወጥታ። በቀን እሳት አያስፈልግም፤ ልጁ ድንጋዩንም ቤቱንም ራሱ አየው። በሩ ተቃጥሏል፣ ስለዚህ ማንንም ሳይጠራ ገባ። አባቱ መሬት ላይ ተኝቷል። አልቀሰቀሰውም። ኩታውን አውልቆ አለበሰው።"

ሌላ ነገር ፈለግኩ፤ አልነበረም። "አለቀ" አልኩ።

ወተት ከሸፈነው የጂዲ ዓይን እንባ ሲወርድ እንባው ወተት ያልሆነው ለምን እንደሆነ እያሰብኩ አየኋቸው። እናቴ ቀስ ብላ ተናገረች። "ለጂዲ ጠይቂያቸው። እንዲህ ነው የተጻፈው?"

"ለእናትሽ ንገሪያት" አሉ ጂዲ፤ "እንግዲህ እንዲህ ነው የሚጻፈው።"

ከድስት ሥር አዲስ ጥላሸት ፋቅሁ፤ ሙጫ አሟሙቼ ቀለም ቀመምኩ። ጂዲ የተናገርኩትን በታጠበው ቅጠል ላይ በዐረብኛ ቃል በቃል አስጻፉኝ። ፊደሌ ለሎህ የለመደ ስለሆነ ግዙፍ ግዙፍ ነበር። ልጁ ቤት ገባ የሚለው ጋ ስደርስ ገጹ ሊያልቅ ሆነ፤ ስለ ኩታው ያለውን ጠርዙ ላይ ሸጎጥኩት።

ሐጅ በሺር በዒዱ ማግስት መጣ። ጂዲ ሳጥኑን አስረከቡትና ሌላ ወሬ ሳይጀምር መጽሐፉን ገልጠው ሰጡት፤ ሁሉንም ነገሩት። ነጋዴው ፊቱ ጠቆረ። "ያ ፈኪ፣ ይህ እኮ የሰው አደራ ነው" አለ። "እርስዎ አደራ ያጠፋሉ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩ።"

"ጠፍቷል አላልኩም። ቦታ ለውጧል። አንብበው።"

አነበበ። አንዴ ወደኔ አየ፤ እንደገና አነበበ። ቁጣው እየወረደ ሄደና በምትኩ ሌላ ነገር መጣ። ጢሙን ያሻ ጀመር። "የልጅቷ ቆንጆ ነው" አለ። "ግን እኔ ይህን መጽሐፍ በየመንገዱ ሳነበው ኖሬያለሁ። መጨረሻው እንዲህ አይደለም። እውነተኛው መጨረሻ ላይ ሽማግሌው—"

"አይንገሩን!"

ድምፁ የመጣው ከግርዶሹ ወዲያ ነበር። እኔን "ዘይነብ" አላለችኝም፣ "በያቸው" አላለችም። በቤታችን፣ በእንግዳ ፊት፣ በባሏ አባት ፊት፣ እናቴ በራሷ አፍ ተናገረች። እኔ ከልማድ ልደግመው ዞሬ አፌን ከፈትኩ፤ የሚደገም ነገር አልነበረም።

ነጋዴው አፉ ላይ ያለውን ዋጠ። ወደ ግርዶሹ በኩል አየና ዓይኑን ሰበረ። ጭሱ ያስቸገረው መስሎኝ ነበር።

ጂዲ ዓይነ ስውር ፊታቸውን ወደ ቀርከሃው አዞሩ። "እሺ፣ ልጄ" አሏት። እኔን አልፈው፣ ለራሷ።

"ባለቤቱ ቢጠይቀኝስ?" አለ ሐጅ በሺር ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"የአሶሳ ልጅ ታማ ጠጣችው በለው። ካላመነ ይምጣና ይጠይቃት።"

ነጋዴው መጽሐፉን በሐሩ ጠቀለለ፤ ሲጠቀልል ከበፊቱ ይልቅ ተጠነቀቀለት።

ገና ሊነጋ ሲል አህዮቹ ተነሡ። ቃጭሉ ቀሰቀሰኝ። በደጃችን በኩል አለፈ፣ ወደ ዓባይ መንገድ ታጠፈ፣ እየቀጠነ ሄደ። እንደ ልማዴ ወደ በሩ አየሁ፤ እናቴ እዚያ አልቆመችም። መደቡ ላይ በጎኗ ተጋድማ፣ አፏን ከፈት አድርጋ፣ ተኝታለች። እናቴን ተኝታ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ፀሐይዋ በቀርከሃው ስንጥቅ ገብታ እግሯ ላይ ደረሰች። ኩታዋ ከትከሻዋ ወርዶ ነበር። አለበስኳትና ማንም እንዳይቀሰቅሳት አጠገቧ ተቀመጥኩ።